ፓርት ታይም ሥራ ፍለጋ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

የእህቴ ልጅ ስድስት ኪሎ ነው የምትማረው። ሦስተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቤት መጥታ "ጋሼ፣ ጫማ ጨረስኩ" አለችኝ። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያለውን ካፌ፣ ቡቲክና ማተሚያ ቤት ስትጠይቅ ወር አልፏታል። የምትፈልገው ከትምህርት መልስ ለሦስት ለአራት ሰዓት የሚሆን ሥራ ነው። የታክሲና የኮፒ ብር ከእናቷ መጠየቅ ከብዷታል።

ሻይ እየጠጣን የሰማችውን ሁሉ ነገረችኝ። ጓደኞቿ ያሏትን፣ ደላላ ያላትን፣ ቴሌግራም ላይ ያነበበችውን። ብዙው ስህተት ነው። አንዳንዱን እኔም በእሷ ዕድሜ አምኜው ከስሬበታለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳው።

"ኑሮ እሳት በሆነበት ጊዜ ማን ይቀጥራል?"

ጊዜው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። ዘይቱም፣ የቡና ማሽኑ መለዋወጫም፣ ወረቀቱም አብሮ ወጣ። ነጋዴ ሲጨንቀው ቶሎ የሚቀንሰው የወር ደመወዝተኛውን ነው።

ሥራው ግን አብሮ አልጠፋም። አራት ኪሎ ያለ ምግብ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ አሁንም ይጨናነቃል። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው መያዝ አቅቶታል እንጂ ከ6 እስከ 9 ሰዓት የሚያግዘው ይፈልጋል። ለዚህ ማስታወቂያ አይለጥፍም። "ሥራ አላችሁ?" ስትሉት "የለም" የሚላችሁ የሙሉ ቀን ሥራ የጠየቃችሁት ስለሚመስለው ነው። "በሳምንት አራት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ መሥራት እችላለሁ" በሉት። ደግሞ ሰው ሲግተለተል ገብታችሁ አትጠይቁ። ጠዋት 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት 9 ተኩል ላይ ሂዱ፣ አስተናጋጁን ሳይሆን ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን አናግሩ።

ወቅቱንም እወቁት። ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ አዳራሽና ድግስ አዘጋጆች ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። ግንቦትና ሰኔ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ማተሚያ ቤት ይሰለፋሉ። በዓል ሲቃረብ የልብስ ሱቆች ሰው ያጥራቸዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ማስጠናት አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ደንግጧል። የማውቃቸው ቤተሰቦች ከልብስም ከመዝናኛም ይቀንሳሉ፤ ከአስጠኚ ግን አይቀንሱም። ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የምታስረዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ መሐል ከተማ ውስጥ ተፈላጊ ናት።

"ፒያሳ ዞር ዞር በይ፣ አታጪም"

ይህን ምክር የምንሰጠው እኛ ታላላቆች ነን። ጊዜው አልፎበታል። በ2016 የፒያሳ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ተማሪ ለሁለት ወር የሚያስጠጉ ትንንሽ ሱቆች አብረው ተነሱ። ባለቤቶቻቸው ሌላ ሰፈር የጀመሩ አሉ፣ የተዉትም አሉ። እኛ በቃላችን የያዝነው ካርታ የዛሬዋን አዲስ አበባ አያሳይም።

ሰዉም ርቋል። ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብ ልጅ፣ ለሦስት ሰዓት ሥራ መሐል ከተማ ድረስ ሲመላለስ ደመወዙን ታክሲ ይበላዋል። የተባለውን ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት የወሩን ታክሲና ምሳ ቀንሱበት። የቀረው ነው ደመወዛችሁ።

"ያለ ዘመድ ሥራ የለም"

ግማሹ እውነት ነው። ትንሽ ቤት የሚቀጥረው በሚያምነው ሰው አፍ ነው። ለገንዘብ ተቀባይነት ደግሞ ተያዥ ይጠየቃል። ግን የሚያምነው ሰው የግድ ባለሥልጣን አጎት አይደለም። ሁልጊዜ ኮፒ የምታደርጉበት ቤት ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ አስተማሪያችሁ፣ የእናታችሁ የዕቁብ ጓደኛ፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ያውቃሉ። ሥራ እንደምትፈልጉ ነግራችኋቸዋል? የእህቴ ልጅ ለአንዳቸውም አልነገረችም። አፍራ ነው።

"ለመመዝገቢያ ትንሽ ብር መክፈል ያለ ነው"

የለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚበላው እዚህ ነው።

በተማሪነቴ ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ወዳለ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ደረሰኝም አለ። ለምዝገባ 50 ብር ከፈልኩ። ያኔ ለእኔ የሁለት ሳምንት ምሳ ነበር። "በሦስት ቀን ውስጥ እንደውላለን" አሉኝ። በሳምንቱ ስሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ደረጃው ላይ እንደ እኔ የከፈሉ ሰባት ልጆች ቆመው ነበር። የአንዷ ዋናው የትምህርት ማስረጃ ውስጥ ቀርቷል። ፊቷ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ነው ይላል። ከፋዩ አሠሪው ነው። የምዝገባ፣ የፎርም፣ የዩኒፎርም መያዣ፣ የሥልጠና እያለ አስቀድሞ ብር የሚጠይቃችሁን ጥላችሁት ውጡ። በወረዳችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ በነጻ ነው። ዋናውን ማስረጃ አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ።

ዛሬ ቢሮው ቴሌግራም ሆኗል። "ቪዲዮ ላይክ እያደረጋችሁ በቀን ይህን ያህል ታገኛላችሁ" ይላሉ። መጀመሪያ ትንሽ ብር እውነትም ይልካሉ። እምነት የሚገዙት በዚያ ነው። ቀጥሎ "ደረጃ ለማሳደግ" አስገቡ ይባላል። ካስገባችሁ በኋላ ቻናሉም ሰውዬውም አይገኙም። ቴሌግራም ላይ እውነተኛ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም፤ ብዙ አለ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እውነተኛው ሥራ ከእናንተ ጉልበት እንጂ ብር አይጠይቅም።

"የግማሽ ቀን ሠራተኛ ምን መብት አለው? ውልም አልፈረምኩ"

አለው። ያው አዋጅ ያስቀመጠው የሰዓት ጣሪያ ነው፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48። ከዚያ በታች የሠራ ሠራተኛ አይደለም አይልም። ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ማስረጃ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ እንኳ መብታችሁ አይቀርም።

"ሙከራ ላይ ናችሁ፣ አይከፈልም" የሚል ካለ ተሳስቷል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ የለበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥም ደመወዝ አለ። ሕዝባዊ በዓል ላይ የሠራችሁት ሰዓት በእጥፍ ይታሰባል። ተማሪን በበዓል ቀን ማሠራት ስለሚወዱ ይህችን ያዟት።

ብርጭቆ ሰብራችሁ ከደመወዝ ተቆርጦባችሁ ያውቃል? አሠሪ እንደ ፈለገ አይቆርጥም። እንደ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ያለ መሠረት ያስፈልገዋል። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። የምለምናችሁ፣ ሥራ ስትጀምሩ የሚሰጧችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። ያ ስምምነት እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሰው ቤት ሄዶ ማስጠናት ግን በዚህ አዋጅ ላይሸፈን ይችላል። ለእሱ ከወላጅ ጋር የራሳችሁን ስምምነት ጻፉ።

"ግብር ነው እያሉ ግማሹን ይቆርጣሉ፣ ሕጉ ነው"

በ2017 መጨረሻ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሏል። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ ነው። 3,000 ብር የሚከፈለው ልጅ ግብሩ 150 ብር ነው። ከዚያ በላይ "ለግብር" ተብሎ ከተቆረጠ ጠይቁ።

"ስንት ትከፍሉኛላችሁ ማለት ነውር ነው"

ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነን። "የሰጡኝን እቀበላለሁ" ስንል ጨዋነት ይመስለናል። ነገር ግን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ያቋቁማል እንጂ ወለሉ ገና አልተቀመጠም። ስለዚህ ዋጋው የሚወሰነው በንግግር ነው። እናንተ ዝም ካላችሁ አንድ ሰው ብቻውን ይወስነዋል።

የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ዕለት አምስት ኪሎ አካባቢ ሁለት ልጆች የምታስጠናበት ቤት አገኘች። ያገናኘቻት ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ናት። የልጆቹ እናት "ስለ ክፍያው አታስቢ፣ እንስማማለን" አሏት። እሷ ግን ከዚያው ከበሩ ሳትርቅ መልእክት ላከችላቸው፦ "እማማ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት አስጠናለሁ። በሰዓት ስንት እንደሚሆንና በወሩ ስንተኛ ቀን እንደሚከፈለኝ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።" ማታውኑ መልስ መጣላት። ቁጥሩም ቀኑም ተጽፏል።