ሳባ፦ ዳርቻዋ ገደል የሆነ ጸጥተኛ የካሪቢያን ደሴት

ሳባ በካሪቢያን ባሕር ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩባታል። ከጎረቤቷ ከሲንት ማርተን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአስተዳደር የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ናት። በመንገድም በቤትም የሚነገረው ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለ ካሪቢያን ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ነጭ አሸዋ፣ ትልልቅ ሆቴሎችና የመርከብ ሙሉ ጎብኚ ነው። ሳባ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ለእረፍት የሚመርጧት ሰዎችም የሚመጡት ለዚሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟን ያየ አማርኛ አንባቢ ወዲያው ንግሥተ ሳባን ማስታወሱ አይቀርም። የስሙ ምንጭ አከራካሪ ነው። ከንግሥቲቱ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ በደሴቶቹ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ «ዐለት» ማለት ነው ይላሉ። ደሴቷን ላየ ሰው ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው «ሴባ» ብለው ነው የሚጠሯት።

ሳባ ከባሕር ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ናት ማለት ይቻላል። ጫፏ ማውንት ሲነሪ ይባላል። የቆዩ መጻሕፍት 887 ሜትር ይሉታል፤ አዲሱ ልኬት ወደ 870 ያወርደዋል። በየትኛውም ልኬት ቢሆን በመላው የኔዘርላንድስ መንግሥት ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም። እሳተ ገሞራው የተኛ እንጂ የሞተ አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1640 አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ዳርቻው ዙሪያውን ገደል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የተፈጥሮ የአሸዋ ዳርቻ የለም። ዌልስ ቤይ በተባለው ቦታ ላይ በዓመቱ የተወሰነ ወቅት አሸዋ ይመጣል፤ ከዚያ ባሕሩ መልሶ ይወስደዋል።

መንደሮቹ አራት ናቸው። ዋና ከተማዋ ዘ ቦተም በኮረብታዎች መሐል ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ዊንድዋርድሳይድ ከፍ ያለችና ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ አብዛኛው የእንግዳ ማረፊያ እዚያ ነው። ሴንት ጆንስ በሁለቱ መካከል አለች። አራተኛዋ ዛየንስ ሂል ስትሆን የድሮ ስሟ ሄልስ ጌት ነው። ቤቶቹ በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ናቸው፦ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ ጣሪያ፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ። ከየቤቱ ጎን ወይም ሥር የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ወንዝ በሌለበት ደሴት ጣሪያው የውሃ ምንጭም ነው።

ጥንት ሰው እዚህ መድረሱን የሚያሳየው ፕለም ፒስ የተባለው ቦታ ነው። ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሰፈራ ቅሪት ተገኝቶበታል። ሰዎቹ ሸክላ አይሠሩም ነበር፤ የተራራ ሸርጣንና የባሕር ወፍ እያደኑ ይበሉ ነበር። ኮሎምበስ በኅዳር 1493 ደሴቷን ከሩቅ አይቷት አልፏል። ደች (የኔዘርላንድስ) ሰፋሪዎች በ1640 ገደማ ከጎረቤት ደሴት ከሲንት ኡስታቲየስ መጡ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ደቾች ሲቀባበሏት ቆይተው በ1816 ለደቾች ጸናች። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በሌሎቹ የደች ቅኝ ግዛቶች እንደሆነው ነጻ የወጡት በ1863 ነው። የዛሬዎቹ ነዋሪዎች የአውሮፓውያኑም የአፍሪካውያኑም ዘሮች ናቸው።

ምድሩ ለትልቅ እርሻ ስለማይመች ወንዶቹ ኑሯቸውን በባሕር ላይ አደረጉ። የሳባ መርከበኞች በአካባቢው ሁሉ ስመ ጥር ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደሴቷ የራሷ የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ነበራት። ኋላም ብዙዎቹ ወደ ኩራሳውና አሩባ የነዳጅ ማጣሪያዎች ሄዱ። ቤቱን የያዙት ሴቶቹ ናቸው።

የሳባ ዳንቴል የሚባለው የእጅ ሥራ የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ሜሪ ጌትሩድ ሃሰል ጆንሰን በካራካስ ገዳም ስትማር ከጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ የተረፈውን በመርፌ መቋጠር ለመደች። በ1870ዎቹ ጥበቡን ይዛ ተመለሰች። ሌሎች ሴቶችም ከእሷ ተማሩ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ሊደነቅ ይገባል። ከአሜሪካ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ የተጻፈውን የነጋዴዎች አድራሻ እየገለበጡ ደብዳቤ ጻፉ። ዳንቴሉን በፖስታ መሸጥ ጀመሩ። ወደብ፣ መንገድም ሆነ መኪና በሌለበት ደሴት ላይ የራሳቸውን የውጭ ንግድ አቋቋሙ። አዛውንት ሴቶች ዛሬም ይሠሩታል።

በዚያን ዘመን ወደ ሳባ መግባት ራሱ ፈተና ነበር። መርከብ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሰውና ዕቃ በትንሽ ጀልባ ወደ ዐለቱ ይጠጋል። በምዕራብ በኩል ላደር ቤይ ላይ ዐለቱ ተፈልፍሎ 800 ያህል ደረጃዎች ተሠርተውበት ነበር። ዱቄቱ፣ የግንባታ እንጨቱ፣ የቤት ዕቃው ሁሉ በሰው ራስና ትከሻ ላይ በዚያ ይወጣ ነበር። ደረጃው አሁንም አለ። ጎብኚ ባዶ እጁን ይወጣበታል፤ ለዚያውም እያለከለከ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ሳባዎች «መንገዱ» ካሉ አንዱን ብቻ ነው የሚሉት። ከኔዘርላንድስ የመጡ መሐንዲሶች መልክዓ ምድሩን አይተው እዚህ መንገድ መሥራት አይቻልም አሉ። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ አፈሩ የሚንሸራተት፣ ሸለቆው ጥልቅ ነው። ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የተባለ አናጢ ግን ይቻላል አለ። መሐንዲስ አልነበረም። ስለዚህ የሲቪል ምህንድስና ትምህርት በፖስታ ተከታተለ። በ1938 ከደሴቷ ሰዎች ቡድን አደራጅቶ ሥራውን ጀመረ።

ከባድ ማሽን አልነበራቸውም። መሣሪያቸው አካፋ፣ መዶሻ፣ የእጅ ጋሪና ክንድ ነው። ገደሉ በድንጋይ ካብ እየተደገፈ፣ መንገዱ በላዩ ላይ እየተጠማዘዘ ወጣ። ከፎርት ቤይ ማረፊያ እስከ ዘ ቦተም ያለው ክፍል በ1943 አለቀ። የመጀመሪያው መኪና ደሴቷን የረገጠው በ1947 ነው። በ1951 መንገዱ ዊንድዋርድሳይድ ደረሰ። ሙሉ ሥራው የተጠናቀቀው በ1958 ነበር። ሃያ ዓመት ፈጀ። ካቦቹ እስከ ዛሬ መንገዱን ተሸክመው ቆመዋል። ሳባዎች በዚህ ይኮራሉ፤ ኩራቱም ይገባቸዋል። የሃሰል ስም በደሴቷ ላይ በጣም ብዙ ነው። ጆንሰንም እንዲሁ። ስለዚህ የዳንቴሏ ሃሰልና የመንገዱ ሃሰል በስም መገናኘታቸው የሚያስገርም አይደለም።

የአውሮፕላን ማረፊያውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለማኮብኮቢያ የሚሆን አንድ ብቻ ለጥ ያለ ቦታ ነበር፤ ፍላት ፖይንት ይባላል። የደሴቷ ሰዎች ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው ሜዳውን አስተካከሉት። በየካቲት 1959 ሬሚ ደ ሄነን የተባለው የጎረቤት ደሴት የሴንት ባርትስ አብራሪ ትንሽ አውሮፕላን አሳረፈበት። መደበኛው ማረፊያ በ1963 ተከፈተ። በአሩባዊው ፖለቲከኛ በሁዋንቾ ይራውስኪን ስም ተሰይሟል። ማኮብኮቢያው 400 ሜትር ያህል ነው። የመንገደኛ በረራ ከሚስተናገድባቸው የዓለም ማኮብኮቢያዎች ሁሉ አጭሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ ገደልና ባሕር፣ በአንድ ጎኑ ተራራ አለ። ጄት አያርፍበትም። ከሲንት ማርተን የሚመጡት ትናንሽ ትዊን ኦተር አውሮፕላኖች ናቸው። በረራው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ዋናው የወደብ መድረክ በፎርት ቤይ የተሠራው በ1972 ነው። እሱም ትንሽ ነው። ግዙፍ የሽርሽር መርከብ አይጠጋውም። የሳባ ጸጥታ ግማሹ ከዚህ ይመጣል፤ ብዙ ሰው በአንዴ ሊገባባት አይችልም።

ቀሪው ግማሽ የሰው ውሳኔ ነው። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ በ1987 የተቋቋመው የሳባ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ነው። ፓርኩ ደሴቷን ሙሉ በሙሉ ይከባል። ባሕሩ ሞልቶ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ሁሉ በእሱ ሥር ነው። በዚያን ጊዜ ባሕሩ ገና አልተጎዳም ነበር። ሌላው ዓለም አብዛኛውን ጊዜ ሕግ የሚያወጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሳባ ቀደመች። መልሕቅ ኮራሉን እንዳይሰብር ጀልባዎች የሚታሰሩባቸው ቋሚ ተንሳፋፊዎች ተተከሉ። ጠልቀው የሚዋኙ እንግዶች ክፍያ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ለፓርኩ ጥበቃ ይውላል። ሥራውን የሚያካሂደው በዚያው ዓመት የተመሠረተው የሳባ ጥበቃ ፋውንዴሽን ነው። በጥቂት ሠራተኞች ይህን ያህል ባሕርና የእግር መንገድ መጠበቁ ከተጻፈለት በላይ ሊጻፍለት ይገባል።

ከውሃው በታች ያለው መልክዓ ምድር የላይኛው ቀጣይ ነው። የእሳተ ገሞራ ዐለት እንደ ዓምድ ከጥልቁ ይነሳል። «የመርፌ ዓይን» የሚባለው ዓምድ ጫፉ ከ25 ሜትር በታች ነው፤ በኮራልና በስፖንጅ ተሸፍኗል። ኤሊና የሪፍ ሻርክ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ አሸዋው ከሥር በሚመጣ ሙቀት ይሞቃል። ጀማሪዎች እንደ ቴንት ሪፍ ያሉ ጥልቀታቸው አነስ ያለ ቦታዎች አሏቸው።

ከደሴቷ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሳባ ባንክ አለ። ይህ ከባሕር ወለል በታች የሰጠመ ሰፊ አምባ ነው። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከደሴቷ ራሷ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። የነዳጅ ጫኝ መርከቦች መልሕቃቸውን እየጣሉበት ኮራሉን ያደቁት ነበር። በ2010 ጥበቃ ተደረገለት። በ2012 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክልል አድርጎ መዘገበው። አሁን ትልልቅ መርከቦች እዚያ መልሕቅ አይጥሉም።

ባሕር የማይወድ እንግዳ ተራራ ይወጣል። ወደ ማውንት ሲነሪ ጫፍ የሚያደርሰው የእግር መንገድ 1,064 ደረጃዎች አሉት። ከታች የሙዝ ተክልና ሞቃት አየር ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ድንጋዩ የድንጋይ ሽበት ይለብሳል፣ ዛፎቹ ያጥራሉ። ጫፉ ላይ የነበሩትን አብዛኞቹን ተራራ ማሆጋኒ ዛፎች በ1998 የጆርጅስ አውሎ ነፋስ ገንድሷቸዋል። ጫካው ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። በመንገድ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ እንሽላሊት በዓለም ላይ ከሳባ በስተቀር የትም አይገኝም። እባብም አለ፤ ግን መርዝ የለውም። ገደሎቹ ላይ ረጅም ጭራ ያላቸው ነጭ የባሕር ወፎች ይራባሉ። በየቦታው የሚዘዋወሩት ፍየሎች ግን ተክሉን እየበሉ ገደሉን ያራቁታሉ። መንግሥት ቁጥራቸውን ለመቀነስ እየሠራ ነው። ፍየል ለማርባት ለለመደ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በ2004 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 86 በመቶ የሚሆኑት ሳባዎች ከኔዘርላንድስ ጋር በቀጥታ መያያዝን መረጡ። ሳባን ጨምሮ የካሪቢያን የደች ደሴቶች የታቀፉበት የኔዘርላንድስ አንቲልስ ጥቅምት 10 ቀን 2010 ሲፈርስ ያ ውሳኔ ተፈጻሚ ሆነ። ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ መገበያያው የአሜሪካ ዶላር ነው። ለውጡ ኑሮ አስወድዷል የሚል ቅሬታ ይሰማል። በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱ፣ ጤናውና የኃይል አቅርቦቱ ድጋፍ አግኝቷል። ለምሳሌ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ ከ2019 ወዲህ፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን ደሴቷ ለብዙ ሰዓታት ያለ ናፍጣ ጄነሬተር ትሠራለች። ከ1992 ጀምሮ የሕክምና ትምህርት ቤትም አለ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ ይመጣሉ፤ ለዘ ቦተም ኪራይና ገበያ ትልቅ ድጋፍ ናቸው።

የእረፍት ቀን እዚህ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጠዋት ላይ ባሕር ወይም ተራራ ነው። ከሰዓት በኋላ ዊንድዋርድሳይድ ላይ ቡና፣ የዳንቴል ሱቅ፣ ወይም በ1840 ገደማ ተሠራ በሚባለው የመርከብ ካፒቴን ቤት ውስጥ ያለው የሃሪ ጆንሰን ሙዚየም። የከተማ አውቶቡስ የለም። ታክሲ አለ፤ ሊፍት መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ለዚሁ የሚቆምባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ። ሰው መንገድ ላይ ሲተላለፍ ሰላም ይባባላል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ያስገርማል። ማታ በየቤቱ በሮምና በቅመም የሚጠመቀው «ሳባ ስፓይስ» ይቀርባል። ጭፈራ የሚፈልግ በሐምሌ መጨረሻ ለካርኒቫል ይምጣ። በታኅሣሥ የመጀመሪያው ዓርብ የሳባ ቀን ይከበራል። በጥቅምት ደግሞ ሳይንቲስቶች ስለ ተፈጥሮ ለነዋሪውና ለእንግዳው በነጻ የሚያስተምሩበት «ሲ ኤንድ ለርን» የተባለ ዝግጅት አለ።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሲንት ማርተን ይደርሳል። ከዚያ አውሮፕላን ወይም ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ የጀልባ ጉዞ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባው ሆድ ያውካል። ሳባ የሸንገን ክልል አካል አይደለችም፤ ስለዚህ አውሮፓ ያሉ ወገኖች ለካሪቢያኑ ክፍል የተለየ ቪዛ ያስፈልጋቸው እንደሆነ አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። በ2017 ኢርማ ሲንት ማርተንን ስታወድም ሳባ በአንጻሩ በቀላሉ ተርፋለች፤ ሆኖም መገናኛው በአብዛኛው በሲንት ማርተን በኩል ስለሆነ ችግሩ ለእሷም ደርሷል። ዝናብ በማንኛውም ወር ሊመጣ ይችላል። የማያዳልጥ ጫማና ለተራራው የሚሆን ቀለል ያለ ጃኬት መያዝ ይበጃል።