ቀላል ሃርሞናዊ እንቅስቃሴ ምንድን ነው? ከክብ እንቅስቃሴስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ በእኩል ፍጥነት በሚሽከረከር ክብ ሳህን ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን እንጨት አቁመን ከሩቅ በጎን በኩል መብራት ብናበራባት፣ ጥላዋ ከበስተጀርባዋ ባለው ግድግዳ ላይ ክብ አይሠራም፤ በአንድ ቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ቀላል ሃርሞናዊ እንቅስቃሴ የሚባለው ይህ ምልልስ ነው፤ ሞላ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚወዛወዝ ዕቃ እንቅስቃሴም አይለይም።

የሳህኑ ሬዲየስ 10 ሴንቲሜትር፣ አንድ ዙር የሚፈጅበትም ጊዜ 6 ሰከንድ ነው እንበል። ጥላው ከዳር ተነሥቶ የመጀመሪያውን 5 ሴንቲሜትር ለመሄድ 1 ሰከንድ ሲወስድበት፣ የቀረውን 5 ሴንቲሜትር ጨርሶ መሀል ለመድረስ ግን ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። ዳር ላይ እንጨቷ የምትጓዘው በብርሃኑ አቅጣጫ ስለሆነ ጥላው ለአፍታ የቆመ ይመስላል፤ መሀሉን ስታልፍ ግን ከግድግዳው ትይዩ ስለምትሄድ ሙሉ ፍጥነቷ በጥላው ላይ ይታያል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ሽምጠጣው (ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው በጊዜ የሚለወጥበት መጠን) ላይ ነው። የእንጨቷ ሽምጠጣ ምንጊዜም ወደ ክቡ መሀል ያመለክታል፤ መጠኑም የማዕዘናዊ ፍጥነቱ (በአንድ ሰከንድ የሚዞረው ማዕዘን) ካሬ በሬዲየሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከዚህ ውስጥ ለጥላው የሚደርሰው ድርሻ ያው ካሬ ጥላው ከመሀል በራቀበት ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥላው በራቀ መጠን ወደ መሀል የሚመልሰው ሽምጠጣ በዚያው ልክ ይጨምራል። የቀላል ሃርሞናዊ እንቅስቃሴ ትርጉም ይኸው ነው፤ ሞላም የሚጎትተው በተለጠጠበት ልክ ስለሆነ ለዚሁ ሕግ ይገዛል።

ጋሊልዮ ጋሊሊ በ1610 እ.ኤ.አ. በጁፒተር ግራና ቀኝ ያያቸው ትናንሽ ብርሃኖች በአንድ መስመር ላይ የሚመላለሱ ይመስሉ ነበር። ምሕዋራቸውን ከምድር የምናየው በጎኑ ስለሆነ ክቡ አይታይም፤ እርሱ ግን ከምልልሳቸው ተነሥቶ ጁፒተርን እንደሚዞሩ ተረዳ።

ክብ በሌለበት፣ የሞላን የምልልስ ጊዜ በሚሰጠው ቀመር ውስጥ ፓይ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ተማሪ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል፤ መምህሩም ከቀመሩ በፊት ጥላውን ቢያሳየው መልካም ነው። የሞላው አንድ ሙሉ ምልልስ በሐሳብ ከተሳለ ክብ አንድ ሙሉ ዙር ጋር እኩል ነው፤ አንድ ዙር ደግሞ በማዕዘን መለኪያው በራዲያን 2 ፓይ ነው። ሞላው ከልኩ ሳያልፍ አብዝተን ብንስበው ይህ ክብ ይሰፋል እንጂ፣ ማዕዘናዊ ፍጥነቱን የሚወስኑት የሞላው ጥንካሬና የዕቃው መጠነ ቁስ ስለሆኑ፣ ዙሩ የሚፈጀው ጊዜ አይለወጥም።