ሮቦት በካሜራ «ይከተላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጎንደር ላይ፣ በጥምቀት ዕለት፣ አፄ ፋሲል መዋኛ ግቢ ውስጥ እናቱ የጠፋችበትን ልጅ አስቡት። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ልጁ «ነጭ የለበሰች ሴት» ብሎ ከፈለገ አለቀለት። «ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ» ካለ ግን ተስፋ አለው። በካሜራ ዒላማ የሚከተል ሮቦትም ፈተናው ይኸው ነው፤ ዒላማውን ከሌላው ሁሉ የሚለይ ምልክት መያዝ።

ሮቦቱ ግን እንደ ልጁ አያይም። የሚደርሰው የቁጥር ገበታ ነው። 320 በ240 የሆነች ትንሽ ምስል 76,800 ነጥቦች አሏት። እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ኳስ፣ ሰው፣ በር የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። «ቢጫ ኳስ ተከተል» ካልነው ፕሮግራሙ ቢጫዎቹን ነጥቦች አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ከዚያ የቀሩት መሐላቸው የት እንደሆነ ያሰላል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የምስሉ ወርድ 320 ነጥብ ስለሆነ መሐሉ 160 ላይ ነው። የኳሱ መሐል 220 ላይ ከወጣ ልዩነቱ 60 ነው፤ ኳሱ በስተቀኝ አለ ማለት ነው። መከተል የምንለው ይህን ልዩነት ወደ ዜሮ ማምጣት ብቻ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። 60ን እኛ በምንመርጠው ቁጥር፣ ለምሳሌ በ0.5 ብናባዛው 30 ይመጣል። የሁለቱም ሞተሮች ፍጥነት 120 ላይ ከነበረ ግራውን 150፣ ቀኙን 90 እናደርጋለን። ሮቦቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አዲስ ምስል ይመጣል፣ እንደገና ይሰላል። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ከሆነ ይህ ሁሉ በ33 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት። ካልደረሰ ሮቦቱ የሚታጠፈው ኳሱ ወዳለበት ሳይሆን ወደነበረበት ነው።

ያቺን 0.5 ከመጠን በላይ ካሳደጋችኋት ሮቦቱ ጠላ ቤት እንዳመሸ ሰው ግራ ቀኝ መላጋት ይጀምራል። መድኃኒቱ ልዩነቱ በምን ፍጥነት እየጠበበ እንደሆነ አይቶ መታጠፉን ቀደም ብሎ ማለዘብ ነው። ፒአይዲ (PID) ከሚባለው የመቆጣጠሪያ ስሌት አንዱ ክፍል ይህ ነው። መሐንዲሱ ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ መርከብ አነዳድ ሲጽፍ ያብራራው ሐሳብ ነው። ርቀቱስ? ከኳሱ መጠን ይገመታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኳሱ በምስሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሲያንስ ሂድ፣ ሲተልቅ ቁም።

ብርሃን ግን ያማርራል። ፀሐይ ላይ ቢጫ የነበረው ኳስ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሦስቱም ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ስለዚህ ምስሉን መጀመሪያ ኤችኤስቪ ወደሚባለው አሠራር መቀየር ይሻላል። እሱ የቀለሙን ዓይነት ከድምቀቱ ለይቶ ያስቀምጣል። ኦፕንሲቪ (OpenCV) በሚባለው የምስል ማቀነባበሪያ የኮድ ስብስብ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አስተካክዬ ግቢያችን ውስጥ ስሞክር ጎረቤታችን ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ ቧንቧው አለፉ። ሮቦቱ ኳሱን ትቶ እሳቸውን ተከተለ። «ኧረ ይሄን ጉድ ያዙልኝ!» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮዱ ላይ «ትልቁን ቢጫ ምረጥ» ብዬ ነበር። አሁን «ባለፈው ምስል ኳሱ ከነበረበት በጣም የሚቀርበውን፣ ክብ የሆነውን ምረጥ» ይላል። መለየትና መከታተል የሚለያዩት በዚህ ነው። መለየት አንድ ምስል ያያል፣ መከታተል ያለፈውንም ያስታውሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ረስቼ ነበር። ኳሱ ጭራሽ ሲጠፋ ምን ያድርግ? ምንም ስላልነገርኩት የመጨረሻውን ልዩነት ይዞ ቀረ። የሰፈር ልጆች እየሳቁ ከበውት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ሲሽከረከር ዋለ።