የፖፒ አበባና ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰበሰበው ገንዘብ

ኦክቶበር ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ብሪታንያ ውስጥ ሰው ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ማድረግ ይጀምራል። ዜና አንባቢው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ የፓርላማ አባሉ፣ የሱፐርማርኬቷ ሒሳብ ተቀባይ፣ ሁሉም ኮታቸው ላይ ይሰኩታል። አበባው ፖፒ ይባላል። በጦርነት የሞቱትን ማሰቢያ ነው። ሌላም ሥራ አለው። አበባውን ስንወስድ ሳጥን ውስጥ የምንከተው ገንዘብ በሕይወት ላሉ የቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ይውላል። እኔ እንደማየው ሰው ስለ አበባው ብዙ ይከራከራል፣ ስለ ገንዘቡ ግን ብዙም አያነሳም። ነገሩ ሥር የሰደደው ግን በገንዘቡ ምክንያት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖፒ የእርሻ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። አፈሩ ሲገለበጥና ብርሃን ሲያገኝ ያን ጊዜ ይበቅላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየምና ሰሜን ፈረንሳይ ላይ የወረደው መድፍ መሬቱን እንደ ማረሻ ገለባበጠው። ሌላው ተክል ሲጠፋ ፖፒ በየምሽጉና በየመቃብሩ መሀል በቀለ። ኦፒየም የሚወጣበት ፖፒ ሌላ ዝርያ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ካናዳዊው የጦር ሐኪም ጆን ማክሬ በሜይ 1915 ኢፕር በተባለችው የቤልጂየም ከተማ አጠገብ ጓደኛው ተገደለበት። በመቃብሮቹ መሀል ስለሚበቅለው ፖፒ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለንደን ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣና በየአገሩ ተዳረሰ። ማክሬ ራሱ የጦርነቱን ማብቂያ አላየም። በጃንዋሪ 1918 በሳንባ ምች ሞተ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሞይና ማይክል የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ኒውዮርክ ውስጥ ግጥሙን አነበበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ፖፒ እንደምታደርግ ለራሷ ቃል ገባች።

አበባውን ወደ ገንዘብ የቀየረችው ግን ፈረንሳዊቷ አና ጌራን ናት። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ጦርነት ባወደማቸው የፈረንሳይ አካባቢዎች ያሉ ሴቶች የጨርቅ ፖፒ ይሠራሉ፤ የጦር አጋር የነበሩ አገሮች ይገዛሉ፤ ገቢው ለተጎዱት ይሆናል። በ1921 ይህንን ይዛ ለንደን ሄደች። የብሪቲሽ ሊጅን፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ በሜይ ወር ገና መመሥረቱ ነበር። ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያ ዓመት የሥራ አጡ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ከጦር ሜዳ የተመለሰው፣ እጁን ወይም እግሩን ያጣው ሰው ጎዳና ላይ ክብሪት እየሸጠ ነበር። ማኅበሩ ሐሳቡን ተቀበለ፤ 9 ሚሊዮን ፖፒ አዘዘ። ኖቬምበር 11 ቀን 1921 ሁሉም ተሸጦ አለቀ። ከ106,000 ፓውንድ በላይ ገባ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚነካኝ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ጦርነቱ ላይ የተዋጋ ጆርጅ ሃውሰን የሚባል ሻለቃ «ፖፒውን ለምን የእኛው ጉዳተኞች አይሠሩትም?» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። በ1922 ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ ከኦልድ ኬንት መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት የጦር ጉዳተኞችን ይዞ ትንሽ ፋብሪካ ከፈተ። ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩ ይሳካል ብሎ እንደማያምን፣ ቢሆንም መሞከር እንደሚገባው ነግሯቸዋል። አሠራሩ የታሰበበት ነበር። አበባው አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ሳይቸገር እንዲገጣጥመው ተደርጎ ነው የተነደፈው። ሠራተኛው ምጽዋት አልተቀበለም፤ ደሞዙን ሠርቶ በላ። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ጠበበውና ወደ ሪችመንድ ተዛወረ። ዛሬም አለ። አሁን ዋና ሥራው ጤናቸው የታወከ የቀድሞ ወታደሮችን ሥራ ማስያዝ ነው።

ስኮትላንድ የራሷን መንገድ ያዘች። አበባው እዚያ በበቂ አይደርስም ነበርና በ1926 የጦር አዛዡ የሄግ ባለቤት ሌዲ ሄግ ኤድንብራ ውስጥ ሌላ ፋብሪካ አቋቋመች። ስለዚህ ሁለቱን ማየት ለሚያውቅ ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የእንግሊዙ ሁለት ቀይ የአበባ ቅጠልና አንድ አረንጓዴ ቅጠል አለው። የስኮትላንዱ አራት ቀይ የአበባ ቅጠል አለው፣ አረንጓዴ የለውም። የእንግሊዙ ለረጅም ጊዜ ዘንጉ ፕላስቲክ ነበር። በ2023 ሙሉ በሙሉ ከወረቀት የተሠራ አዲስ ዓይነት ወጣ። መሀሉ ላይ ያለው ጥቁር ክብ እስከ 1994 ድረስ «የሄግ ፈንድ» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ሄግ የማኅበሩ መሪ የነበረው የጦር አዛዥ ነው።

አበባው ዋጋ የለውም። በጎ ፈቃደኛው ባቡር ጣቢያ ወይም ሱቅ በር ላይ ሳጥኑን ይዞ ይቆማል፤ የቻሉትን መስጠት ነው። ብዙ ሰው በግራ በኩል፣ ልቡ ላይ ያደርገዋል። ግን በዚህ ጎን ካልሆነ የሚል ሕግ የለም። ኖቬምበር 11 በፈረንጆቹ 11 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ረፋዱ 5 ሰዓት፣ አገሩ ለሁለት ደቂቃ ዝም ይላል። በ1918 የተኩስ አቁሙ የጀመረበት ሰዓት ነው። ዋናው ሥነ ሥርዓት ደግሞ በወሩ ሁለተኛ እሑድ ለንደን ሴኖታፍ ሐውልት ዘንድ ይካሄዳል። ንጉሡ የፖፒ ጉንጉን ያስቀምጣሉ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሰልፍ ያልፋሉ።

ገንዘቡስ የት ይሄዳል? የቤት ኪራይ ወይም የማሞቂያ ሒሳብ ያቃተው የቀድሞ ወታደር አስቸኳይ ድጎማ ያገኛል። ደረጃ መውጣት ያልቻለው ቤቱ እንዲስተካከልለት ይታገዛል። ዕዳ ውስጥ የገባው ምክር ያገኛል። የካሳና የጡረታ ጥያቄ ወረቀቱ ያስቸገረው የሚሞላለት ሰው ይመደብለታል። ይህን የሚሠራው ሊጅን ብቻ አይደለም። ሳፋ የተባለው ድርጅት ከ1885 ጀምሮ የወታደር ቤተሰቦችን ይረዳል። ለዓይነ ስውራን ወታደሮች በ1915፣ ለአእምሮ ጉዳት ደግሞ በ1919 የተመሠረቱ ድርጅቶች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሄልፕ ፎር ሂሮስ የመጣው በ2007፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቁስለኛ በሚጎርፍበት ጊዜ ነው።

በ2014 የለንደን ታወር ዙሪያ ያለው ቦይ 888,246 የሸክላ ፖፒ ተተከለበት። እያንዳንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተ አንድ የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር የቆመ ነበር። ሕዝቡ በሚሊዮኖች እየሄደ አየው። አበባዎቹ በኋላ እያንዳንዳቸው በ25 ፓውንድ ተሸጡና ገቢው ለስድስት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተከፋፈለ።

ክርክሩም የቆየ ነው። በ1933 የኅብረት ሥራ ሴቶች ማኅበር ነጭ ፖፒ አወጣ። ነጩ የሁሉንም ወገን ሟች፣ ሲቪሉንም ጭምር ያስባል፤ ጦርነትም ይብቃ ይላል። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ብዙ ካቶሊኮች ቀዩን ፖፒ ከብሪታንያ ጦር ጋር ያያይዙታል። ደሪ የተወለደው እግር ኳስ ተጫዋች ጄምስ ማክሊን በ1972 በከተማው በብሪታንያ ወታደሮች የተገደሉትን ሰዎች ጠቅሶ ፖፒ ያለበት ማልያ አልለብስም ብሏል። ለዓመታትም ተሰድቦበታል። በሌላ በኩል በ1987 ኢኒስኪለን ከተማ ለመታሰቢያው በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ እዚያ አበባው ለሁለቱም ወገን ቁስል ነው። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጆን ስኖው ደግሞ በ2006 ስክሪን ላይ አላደርግም ብሎ ብዙ ተወቅሷል። በእኔ እምነት ሰውን አስገድዶ ፖፒ ማስደረግ ትክክል አይደለም። በጫና የተሰካ አበባ ለማንም ክብር አይሆንም። ያላደረገ ሰው ደግሞ ምናልባት ሳጥኑ ውስጥ 20 ፓውንድ ከትቶ አልፎ ይሆናል።

ልማዱ በየአገሩ መልኩን ይቀይራል። ካናዳውያን ከኦክቶበር የመጨረሻ ዓርብ ጀምሮ ያደርጉታል። ኒውዚላንድ ውስጥ ግን ቀኑ ኤፕሪል ነው። በ1921 ከፈረንሳይ አበባውን የጫነችው መርከብ ለኖቬምበር ዘገየችና ሽያጩ ለሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሞቱ ወታደሮቻቸውን ለሚያስቡበት ለአንዛክ ቀን ዋዜማ ተላለፈ። እዚያው ጸና። አሜሪካኖች ሜይ ውስጥ፣ በጦርነት የሞቱ ወታደሮቻቸውን በሚያስቡበት በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ያስታውሱታል። ፈረንሳዮች ከነጭራሹ ሌላ አበባ መረጡ፤ የእነሱ ሰማያዊ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥም የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር አለ። በ1941 ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ከአርበኞቻችን ጎን የተሰለፉ የኮመንዌልዝ ወታደሮች እዚያ አርፈዋል። ከረን ላይም ሌላ አለ።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩና መስጠት የምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ሳጥኑ የታሸገና የድርጅቱ ስም ያለበት መሆኑን እዩ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ድርጅቱ በበጎ አድራጎት ኮሚሽን መዝገብ ላይ መኖሩን ስሙን ወይም ቁጥሩን አስገብታችሁ በስልክ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ገበያ ላይ አስመስለው የሚሸጡት ፖፒ አለ፤ ከሱ ላይ ለወታደሩ ሳንቲም አይደርሰውም። ግብር የምትከፍሉ ከሆነ ኦንላይን ስትሰጡ «ጊፍት ኤይድ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምርበታል። ኖቬምበር ካመለጣችሁም ግድ የለም፤ ድርጅቶቹ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ።