ሪል ታይም ማለት ፈጣን ማለት አይደለም

ጎንደር ውስጥ ፕሮግራም ከሚጽፉ ልጆች ጋር፣ በማያስተማምን ኔትወርክ ላይ የጊዜ ገደብ ያላቸውን ሥራዎች ለብዙ ማሽኖች ስለማከፋፈል ሲወራ፣ እነዚህ የተሳሳቱ ሐሳቦች ደጋግመው ይነሳሉ። ምሳሌ እንያዝ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ያለ ታንክ የሚሞላ የውሃ ፓምፕ ትእዛዝ የሚቀበለው አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ነው እንበል።

«ፈጣን ሰርቨር ካለ ሪል ታይም ነው።» አይደለም። ቁም ነገሩ ሥራው በተቆረጠለት ገደብ ማለቁ ነው። ገደቡ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆንና 99 ትእዛዝ በ5 ሚሊሰከንድ ደርሶ አንዱ 3 ሰከንድ ቢዘገይ፣ አማካዩ 35 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ታንኩ ግን በዚያች በአንዷ ሊፈስ ይችላል።

«ፋይበር ከገባ አበቃ።» በፋይበር (መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ) ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው። ጊዜ የሚበላው ወረፋው፣ የጠፋው ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) እንደገና መላኩ፣ የመብራቱም መቋረጥ ነው።

«መልስ ካልመጣ ማሽኑ ሞቷል።» ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዝም ያለው ማሽን ሞቶ ይሁን ዘግይቶ ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 እንዳረጋገጡት፣ የመልእክት መዘግየት ወሰን በሌለው ኔትወርክ ውስጥ አንድ ማሽን እንኳ ሊወድቅ ከቻለ፣ ዕጣ (የዘፈቀደ ምርጫ) ሳይጠቀም ማሽኖቹን ሁልጊዜ ስምምነት ላይ የሚያደርስ ስልት የለም። ስለዚህ ሥራውን ለሌላ ማሽን ስትሰጠው ሁለት ጊዜ ሊሠራ እንደሚችል አስበህ ስጠው። «1,000 ሊትር ጨምር» የሚል ትእዛዝ ሁለቴ ከደረሰ ውሃው ይፈሳል። «ታንኩ እስኪሞላ ሙላ» ግን አሥር ጊዜ ቢደርስም ችግር የለውም።

«ካልሄደ ደጋግመህ ላክ።» መብራት ሲመጣ ሁሉም መሣሪያ እኩል ከጠየቀ መስመሩ ይታነቃል። ሙከራውን እያራራቅህ፣ የመጠበቂያውንም ልክ በዕጣ እየለያየህ ላክ። ገደቡ ያለፈበትን ትእዛዝ ደግሞ ጣለው።

«ገደቡ የቀረበውን ማስቀደም ሁሌም ያዋጣል።» ተመራማሪዎቹ ሊዩና ሌይላንድ በ1973 ይህን ያረጋገጡት ለአንድ ፕሮሰሰር ነው፣ ያውም ሥራው ከአቅሙ ካላለፈ። ለብዙ ማሽኖች ግን ይህ ዋስትና አይሠራም።

«ሁሉም ውሳኔ ከማእከል ይምጣ።» እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ታንኩ ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆመው እዚያው አዘዞ ያለው መቆጣጠሪያ ይሁን፣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም። አዲስ አበባ የሚሄደው ሪፖርት አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።