ሻንጣ ስለተጫነ ተዘጋጅተናል ማለት አይደለም

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ቤተሰብ ጭኜ ረጅም መንገድ ስወጣ ጠዋት በር ላይ የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሁሉም ተጭኗል፣ እንሂድ!» በእውነት ሰልችቶኛል። መጫኑንማ ተጭኗል። የት ነው የተጫነው?

ብዙ ሰው ዝግጅት ማለት የሚያስፈልገውን ሁሉ መያዝ ይመስለዋል። ለአባት አንድ ሻንጣ፣ ለእናት አንድ፣ ለልጆች የየራሳቸው ይዘጋጃል። ቤት ውስጥ ሲደረደር ደስ ይላል። መንገድ ላይ ግን ሻንጣ የሚፈልግ ሰው የለም። የሚፈለገው ሶፍት ነው፣ ዳይፐር ነው፣ የራስ ምታት ኪኒን ነው፣ አንድ ጥንድ ካልሲ ነው።

አንድ ጊዜ የያዝኳቸው ቤተሰብ ትንሿ ልጃቸውን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አስመለሳት። ልብሷም፣ መቀመጫውም፣ የወንድሟ ጫማም ሳይቀር ተበላሸ። ቅያሬ ልብስ አለ? አለ። የት? ከሁሉም ሻንጣ ሥር። መኪናውን ዳር ይዤ ሻንጣውን አንድ በአንድ አወረድን፣ አስፋልቱ ዳር ደረደርነው። ከባድ መኪኖች በአጠገባችን እየተወረወሩ ያልፋሉ። ልጅቷ በእርጥብ ልብስ እየተንቀጠቀጠች ታለቅሳለች፣ እናቷ አንዱን ዚፕ ዘግታ ሌላውን ትከፍታለች፣ መጀመሪያ እጇ የገባው የፒጃማ ሱሪ ነው። እነዚህ ሰዎች የረሱት አንድም ነገር አልነበረም። ሁሉንም ይዘዋል። ማግኘት ነው ያቃታቸው።

ስለዚህ ዕቃውን በባለቤቱ ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት ክፈሉት። መንገድ ላይ የሚፈለግ አለ፣ ማታ ማደሪያ ላይ የሚፈለግ አለ፣ ከደረሳችሁ በኋላ ብቻ የሚፈለግ አለ። መጨረሻ የሚፈለገው መጀመሪያ ይጫን። መሀል ላይ የምታድሩ ከሆነ የሁሉም ሰው የሌሊት ልብስና የጥርስ ብሩሽ በአንድ ቦርሳ ይግባ፣ እሱን ብቻ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ሌላው ካለበት አይነካም። የመንገዱ ቦርሳ ደግሞ ከነጭራሹ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም፤ ከኋላ ተቀማጮች እግር አካባቢ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፌስታል አዘጋጁ፦ ሱሪ፣ ቲሸርት፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ አንድ ላይ ተጠቅልሎ። ከዚያ ፎጣ፣ ሶፍት፣ መድኃኒት፣ ለቆሸሸው ልብስ ባዶ ፌስታል። ሹፌሩ እግር ሥር ግን ጠርሙስ እንኳ አታስቀምጡ፣ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ይገባል።

ሰነድ፣ ገንዘብና ቁልፍ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ኃላፊ። «አንተ የያዝከው መስሎኝ» የሚለው ነገር የሚመጣው ኃላፊው ስላልታወቀ ነው።

«ከባዱ ከላይ ይሁን፣ ለማውረድ ይቀላል» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ከባዱ ከታች፣ ከኋላ መቀመጫው መደገፊያ ጋር ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። ከመደገፊያው በላይ የተቆለለ ዕቃ የኋላውን እይታ ይጋርዳል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ደግሞ መኪናው ቢቆምም ዕቃው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይመጣል፣ ፊት ለፊቱ ያለው የልጆቻችሁ ጭንቅላት ነው። ፖርቶ መጋላውም (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

«ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) አለን።» መኖሩን አልጠየቅኩም፣ ነፋስ አለው ወይ? ክሪኩና የብሎን መፍቻውስ? ብዙ መኪና ላይ ስኮርታው ከሻንጣው ሥር ስለሆነ ሳትጭኑ በፊት እዩት። ቀጭኗ ስኮርታ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳባትም፤ እስከ ጎሚስታ የምታደርስ ናት እንጂ ጉዞ አትጨርስም።

አሁን ደግሞ ደሜን የሚያፈላው፦ «መንገዱ ሞቃት ነው፣ ጎማው እንዳይፈነዳ ትንሽ ነፋስ አጉድልለት።» ተገላቢጦሽ ነው! ነፋስ የጎደለው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ በጣም ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። በዚያ ላይ መኪናው ቤተሰብና ሻንጣ ጭኗል። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ባለው ስቲከር ላይ አለ፣ ብዙ ጊዜም ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ተሰጥቷል። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው ግን ከፍተኛው ልክ ነው፣ እሱን አትከተሉ። የሚለካውም መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው።

«ሌሊት 10 ሰዓት ከወጣን ቀድመን እንገባለን።» ሹፌሩ በጊዜ ከተኛ እሺ። እስከ እኩለ ሌሊት ሻንጣ ሲጭን ያመሸ ሰው ግን መሪ መያዝ የለበትም። ሰውነት እንቅልፍ የሚከብደው በተለይ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ እንቅልፍ አያባርርም። ቡናም ቢሆን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ዓይኑ ከከበደው ደህና ቦታ ቁሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተኛ። ባይደክመውም በየ2 ሰዓቱ መውረድ አለበት። ዕቃ ቀን ይጫን፣ ሹፌሩ ማታ ይተኛ።

«የልጁ ሆድ ባዶ ከሆነ አያስመልሰውም።» ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል፣ ቀለል ያለ ነገር ይቅመስ። ይልቅ ስልኩን ተቀበሉት፦ ዓይኑ ስክሪን ላይ ተተክሎ ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ መንቀሳቀሱን ሲነግረው ነው የሚዞርበት። አሻግሮ ሩቅ ይይ። መድኃኒቱም ካቅለሸለሸው በኋላ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት ነው የሚወሰደው፣ ለልጁ ዕድሜ መሆኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ።

«ልጁን ጭኔ ላይ አቅፌ እይዘዋለሁ።» አትይዙትም፣ በግጭት ጊዜ የማንም ክንድ አይችልም።

«መስኮት ከፈት አድርጌ 5 ደቂቃ ብቻ ልተወው።» ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ የተከፈተችው ቀዳዳም ብዙ አትረዳም። ልጅ መኪና ውስጥ ብቻውን አይቀርም።

«ካርታው ስልኬ ላይ አለ።» ኔትወርክ ሲጠፋስ? ቤት ሳላችሁ አውርዱት፣ የማደሪያውን ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፉ።

የመጨረሻው ደግሞ «አንዴ ካስተካከልነው አለቀ» የሚለው ነው። ያ ሁሉ ሥርዓት የሚፈርሰው የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ነው፤ አንዱ ሹራብ ያወጣል፣ ሌላው ውሃ ይጠጣና ጠርሙሱን ይወረውራል፣ ቦርሳው ተከፍቶ ይቀራል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት 3 ደቂቃ ስጡት። ቆሻሻው ይውጣ፣ ውሃው ይሞላ፣ የተለወጠው ልብስ በሌላ ይተካ፣ ቦርሳው ወደ ቦታው ይመለስ። ይህን ለትልቁ ልጅ ስጡት፣ እኔ ጋ የሚሳፈሩ ልጆች ከወላጆቻቸው በተሻለ ይሠሩታል።