ያኪኒኩ ምንድን ነው?

በኦሳካ የቀለበት መስመር ባቡር ተሳፍሮ ጹሩሃሺ ጣቢያ ላይ ለወረደ ሰው መንገድ የሚያሳየው አፍንጫው ነው። በጣቢያው ዙሪያ ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች የሚጠበሰው ሥጋ ባቡር መጠበቂያው ድረስ ይሸታል። የጃፓን የአካባቢ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱን መቶ ምርጥ መዓዛዎች ሲመርጥ፣ ከአበባውና ከጫካው ጎን የጹሩሃሺ ጣቢያን ዙሪያም አስገብቶታል። ያ ሁሉ መዓዛ በአብዛኛው የያኪኒኩ ነው።

ቃሉ ራሱ ብዙ አይናገርም። «ያኪ» የተጠበሰ፣ «ኒኩ» ሥጋ፤ በቃ። ሰው ያኪኒኩ ልብላ ሲል ግን የሚያስበው አንድ የተለየ አበላል ነው። ሳሳ ተደርጎ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ በሳህን ይቀርባል፣ ጠረጴዛው መሐል ከሰል ወይም ጋዝ ይነድዳል፣ ጠባሹም ተመጋቢው ነው። እኛ ሸክላ ጥብስ ስናዝዝ ከሥር ያለው ፍም ሥራው ማሞቅ ነው፤ ሥጋው ወጥ ቤት በስሎ መጥቷል። እዚህ ወጥ ቤቱ ሥጋውን እሳት አያስነካውም።

ስሙ ጃፓንኛ ቢሆንም የምግብ ዝርዝሩ አገሩን አይደብቅም። «ካሩቢ» የኮሪያኛው «ካልቢ» ነው፣ ጎድን ማለት። በበርበሬ የኮመጠጠው ጎመን ኪምቺ፣ በቅመም የታሸው አትክልት ናሙል፣ ሩዝ የገባበት ሾርባ «ኩፓ»ም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በተለይ ከጄጁ ደሴት ብዙ ሰው «ኪሚጋዮ ማሩ» በተባለች መርከብ ወደ ኦሳካ ፋብሪካዎች ጎረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በችግሩ ዘመን፣ ከእነዚህ ኮሪያውያን ብዙዎቹ ምድጃ አንድደው ጃፓናዊው ሥጋ ሻጭ ከቁም ነገር የማይቆጥረውን አንጀትና ጨጓራ እየጠበሱ መሸጥ ጀመሩ። ጃፓኖች የበሬ ሥጋን በግልጽ መብላት ከጀመሩ ገና መቶ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1872 መብላታቸው ራሱ ትልቅ ወሬ ነበር። የሆድ ዕቃማ ጭራሽ አልተለመደም። ዱለት የሚያውቅ አንባቢ ምን እንዳመለጣቸው ይገባዋል። ከምድጃው በኋላ ጠረጴዛና ጣሪያ መጣ፤ ኦሳካ ውስጥ «ሾኩዶኤን» የተባለው ያኪኒኩ ቤት የተከፈተው በ1946 ነው።

የቆየ ያኪኒኩ ቤት ማየት የፈለገ ሰው በምሳ ሰዓት ቢሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ማታ ቢራና ጫጫታ አለ፣ ሒሳቡም በየሳህኑ ይቆለላል። ምሳ «ቴይሾኩ» የሚባል አንድ ትሪ ነው፦ ሩዝ፣ የባሕር ቅጠል ያለበት ቀጭን ሾርባ፣ ትንሽ ኪምቺ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ በቆልት፣ ማጥቀሻ በጽዋ፣ ከዚያ ስድስት ሰባት ቁራጭ ሥጋ። ብቻውን የመጣ ሰው ብቻውን እሳት ይሰጠዋል። አንዱን ቁራጭ በመቆንጠጫ አንስቶ ፍርግርጉ ላይ ያኖራል። ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ስቡ ጠብ ሲል ፍሙ ቦግ ይላል፤ ከላይ በኩል ጭማቂው ወዛ ወዛ ሲል ይገለበጣል፣ እሱም አንዴ ብቻ። ማጥቀሻው ውስጥ ነከር፣ ሩዙ ላይ ዳሰስ፣ ከዚያ ወደ አፍ። ለእኔ የምሳው ዋና ነገር ያ በየዳሰሳው እየጠቆረ የሄደው ሩዝ ነው።

ታዲያ ጠባሹ ደንበኛው ከሆነ ቤቱ የሚሸጠው ምንድን ነው? ቢላና ማጥቀሻ። ካሩቢ በምን ያህል ውፍረት፣ ምላስ በምን ያህል ስስነት እንደሚቆረጥ፣ ቢላው የሥጋውን ክር እንዴት አቋርጦ እንደሚያልፍ፣ የቤቱ ሙያ ያለው እዚያ ነው። «ታሬ» የሚሉት ማጥቀሻ ደግሞ ከአኩሪ አተር ሶስ፣ ከስኳር፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሰሊጥ፣ አንዳንዴም ከተፈጨ ፖም ይሠራል። መጠኑን ግን የቤቱ ሰዎች ለማንም አይናገሩም። ሥጋው ሳይጠበስ የሚታሽበትና ከተጠበሰ በኋላ የሚጠቀስበት ለየብቻ የሚዘጋጅባቸው ቤቶችም አሉ።

ከሴኡል የመጣ እንግዳ ይህን «የኮሪያ ምግብ» ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በአገሩ ካልቢ ብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ በትልቁ ይቀርባል፣ እሳት ላይ እንዳለ በመቀስ ይቆረጣል፣ በሰላጣ ቅጠል ተጠቅልሎ ይበላል። ኪምቺው ያለ ዋጋ ይመጣል፣ ሲያልቅም ይጨመራል። ጃፓን ውስጥ ማታ ኪምቺ ያዘዘ ይከፍላል።

በ1980 ሺንፖ የተባለ የናጎያ ኩባንያ ጭሱን ወደ ታች የሚስብ ምድጃ ሠራ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ የቢሮ ሠራተኛም ሳይሳቀቅ መግባት ቻለ። አንዳንድ የቆዩ ቤቶች ግን እስካሁን አልቀየሩም። እዚያ ለኮት መክተቻ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ለደረት የወረቀት ሽርጥ፣ ሒሳብ ሲከፈል ደግሞ የሚንት ማስቲካ ይሰጣል። ማስቲካው ለአፍ ነው። ለጸጉር የሚሆን ስለሌለ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ የተመለሰውን ሰው ምሳ ምን በላህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።